የጉልበቱ ባለቤት

ወንድሜ የእግር ኳስ ክለብ ባለቤት ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ልቅደም ብዬ ነው። ዋናው ሥራው ፍራሽ ማምረት ነው። በከተማችን ሆስፒታል የተኛ፣ ወታደር ካምፕ ያደረ፣ እስር ቤት የገባ ሁሉ ጀርባውን የሚያሳርፈው በወንድሜ ስፖንጅ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የክለቡ ወጌሻ ነኝ። ቁርጭምጭሚት ሲዞር፣ ትከሻ ሲወልቅ፣ ባት ሲኮማተር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሜዳ የምትገባው የስልሳ አንድ ዓመት ሴት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወንድሜ ክለቡን ከገዛ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሲገዛው እኔንም ከነመታሻ አልጋዬ አብሮ ገዛኝ ማለት ይቻላል።

ገዛኝ ስል ግን በወረቀት አይደለም። ያን ሰሞን ከአሰልጣኙ እስከ ሣር አጫጁ ድረስ ሁሉንም ውል አስፈረመ። የኔ ተራ ሲደርስ «እታለም፣ የአንድ እናት ጡት ጠብተን እኔና አንቺ ምን ውል ያስፈልገናል?» ብሎ ሳቀ። የእናት ጡት የዓመት ፈቃድ አይሰጥም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ «ውሌስ?» እያልኩ ስነዘንዘው፣ እሱም «ነገ» እያለ ሲሸነግለኝ ኖረናል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አምበላችንን ጭምቱ እንለዋለን። በልምምድ ላይ እንኳ ኳስ የሚጠይቀው በአፉ ሳይሆን በቅንድቡ ነው። ይህ ዝምተኛ ልጅ ነው እንግዲህ አንድ እሑድ፣ ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል፣ መሀል ሜዳው ክብ ውስጥ በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከው። አንድ ደቂቃ ቆየ፤ ተነሳ፤ ተጫወተ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ አደረገ።

ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሽማግሌ የሒሳብ መምህር አሉ፤ ጭምቱንም ግማሹን ከተማም ያስተማሩ። «የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በልጆቹ ላይ ሊወድቅ ነው» ብለው ወላጆችን ሰብስበው ከንቲባው ቢሮ በመሄዳቸው ታሰሩ። ሳይከሰሱ ሁለት ወር ሆናቸው። ጭምቱ ለሚስታቸው «መምህሬ እስኪፈቱ በየጨዋታው እንበረከካለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ሴትዮዋ ለኳስ ደንታ የላቸውም። እሑድ እሑድ ግን መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያቺን ደቂቃ አይተው፣ ቦርሳቸውን አንስተው፣ ኳሱ ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለክለብ ባለቤትማ ይብሳል። ወንድሜ ሲመጣ መታየት ስለሚወድ ጨዋታው ከተጀመረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የሚደርሰው። በሦስተኛው እሑድ ግን ከከንቲባው ቢሮ እንግዳ ነበረበትና በሰዓቱ ተገኘ። ጭምቱ ሲንበረከክ እንግዳው ተነስተው ሄዱ። ወንድሜ ባዶ በቀረው ወንበር አጠገብ ብቻውን ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ማከሚያ ክፍሌ በር ተበረገደ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!» አለ።

«ደግሞ አጥርህን ማን ነቀነቀው?»

«አምበልሽ! በኔ ሜዳ፣ በኔ ማሊያ፣ በኔ ጉልበት!»

«በማን ጉልበት?»

መታሻ አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ከኮቱ ኪስ ውል አወጣ። እግሮቹ ተንጠልጥለው ክር የሌላቸው ጫማዎቹ ሊወልቁ ደረሱ። ወንድሜ ክር ያለው ጫማ ካደረገ ቆይቷል፤ ሆዱ ከፊት፣ ጉልበቱ ከታች ተባብረው ጎንበስ ማለትን ከልክለውታል።

«"ተጫዋቹ በውሉ ዘመን ጉልበቱንና ችሎታውን ለክለቡ ብቻ ያውላል"» ብሎ አነበበልኝ። «ሰማሽ? ጉልበቱን። ለክለቡ ብቻ። ለመምህር አይልም።»

«እዚያ ላይ ጉልበት ማለት አቅም ነው። ሎሚውን አይጨምርም» አልኩት፣ የጉልበት ሎሚውን በጣቴ መታ መታ እያደረግኩ።

«አትቀልጂ እታለም! ፋብሪካዬ ውስጥ ስፖንጅ የሚቆርጥ ሠራተኛ ማሽኑን አቁሞ ቢንበረከክ ዝም እላለሁ? ማሊያው ላይ የተጻፈው የፍራሼ ስም ነው። ያንን ለብሶ ሲንበረከክ የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልተንበረከክሁም! ቤቱ ሄዶ ይንበርከክ። ከፈለገ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያለው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ሰው በሌላ ሰው ስም ላይ ቆሞ የራሱን ሐሳብ ሲናገር ባለስሙ ቅር ቢለው አይገርምም። ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ሁለት መቶ ሰው አለ፤ መንግሥት ፍራሽ አልፈልግም ያለ ቀን ሁለት መቶ ቤት ይጨልማል። ወንድሜ የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ይህን ባላውቅ ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀት ጻፊልኝ። ልጁ ጉልበቱን ያመዋል፤ የተንበረከከውም ሕመም ጥሎት ነው በይ። የሁለት ወር ዕረፍት ስጪው። እስከዚያ መምህሩም ይፈቱ ይሆናል፤ ሰዉም ይረሳዋል። ማንም አይጎዳም።»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። ስለ ዕድሜዬ ዋሽቻለሁ፤ ወንድሜ ሲዘፍን «ድምፅህ ያምራል» እያልኩ ዋሽቻለሁ። ስለ ሰው ጉልበት ግን ዋሽቼ አላውቅም። «መጀመሪያ ልመርምረው» ብዬ ሸኘሁት።

ጭምቱን ጠርቼ አስተኛሁት። ጉልበቱን አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ ወደ ጎን ገፋሁት። እንደ አዲስ በር ማጠፊያ ነው፤ ሲጥ እንኳ አይል። ለምን እንደመረመርኩት አልጠየቀኝም። ዝም አይነቅዝም ያሉት ስለዚህ ልጅ መሆን አለበት። ከሄደ በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የተጫዋቹን ጉልበት መርምሬአለሁ። ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። የሚታጠፈውም የሚነሳውም በራሱ በሰውየው ፈቃድ ነው። ጤነኛ ጉልበት ማለት ይኸው ነው።» ፈረምኩበት።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና «በስተርጅና ደግሞ ገጣሚ ሆንሽ» ብሎኝ ወጣ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወደ ክፍሌ ዝር አላለም። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እሑድ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ማከሚያ ክፍሌ ውስጥ የጭምቱን ቁርጭምጭሚት በፋሻ እየጠቀለልኩ ነበር። ድንገት አፉን ከፈተ።

«እትዬ፣ ዛሬ አልንበረከክም።»

«አመመህ?»

«አይ። ጋሼ ጠርተውኝ ነበር።» ጋሼ የሚለው ወንድሜን ነው። ይህን ያህል መናገር አልለመደም። «"አንተን አላባርርህም። ከተንበረከክህ ግን ከነገ ጀምሮ ወጌሻዋ ወደ ማከሚያው ክፍል አትገባም" አሉኝ። እኔ ሌላ ክለብ አላጣም። እርስዎ ግን...»

አልጨረሰውም። ዓይኑ መታሻ አልጋዬ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ክርኔን ሳስደግፍበት ቆዳው የተላጠበት ቦታ ላይ አረፈ። አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ይህ ልጅ ለራሱ እንደማይፈራ ገብቶታል። ስለዚህ የሚፈራበትን ቦታ ፈልጎ አገኘ፤ ቦታው እኔ ሆንኩ።

«የመምህሩ ሚስትስ?» አልኩት።

«ነገርኳቸው። "አይዞህ ልጄ" አሉኝ።»

ቡድኑ ወጣ። ሴትዮዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንደማይንበረከክ እያወቁ ነው የመጡት። ወንድሜ ከላይ በሰዓቱ ተገኝቷል፤ የከንቲባው ቢሮ ሰውዬም ከጎኑ። ጭምቱ መሀል ሜዳው ክብ ውስጥ ገባና ቆመ። ጫማውን አየ። ሕዝቡ ጠበቀ። ጭምቱ ግን እንደቆመ ቀረ፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

ሳላስበው ነው ያደረግሁት ብል ውሸት ይሆናል። ከማከሚያ ክፍሌ እስከ ሜዳው ጠርዝ ባለው መንገድ ላይ አስቤበታለሁ። ያሰብኩትም ስለ ውል ነበር። ተጫዋቾቹ ፈርመዋል። አሰልጣኙ ፈርሟል። ሣር አጫጁ እንኳ ፈርሟል። በዚያ ሜዳ ላይ ጉልበቱን ለማንም በፊርማ ያልሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ውል አልተሰጠኝም እያለ ሲያለቃቅስ የኖረ ሰው ነው።

ቦርሳዬን ነጩ መስመር ላይ አስቀመጥኩና ተንበረከክሁ።

ሠላሳ ዓመት በዚያ ሣር ላይ ስንበረከክ ኖሬአለሁ፤ ልብ ያለኝ አልነበረም። ሥራዬ ነዋ። በዚያን ቀን ግን ከፊቴ የተጎዳ ተጫዋች የለም። መጀመሪያ ያየኝ ጭምቱ ነው። ከዚያ ሴትዮዋ ከወንበራቸው ተነሱ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ደቂቃዋ አለቀች። ልነሳ ስል ቀኝ ጉልበቴ እንቢ አለ። ቆለፈ። እንደገና ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ሁለተኛው ደቂቃ አለፈ። ሕዝቡ ግን ይህን ከየት ያውቃል? «አልነሳም አለች!» ብሎ ረድፍ በረድፍ ተነስቶ ያጨበጭብልኝ ጀመር። ጀግንነት አልነበረም፤ የመገጣጠሚያ ችግር ነው። ያጨበጨቡልኝን በሙሉ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወንድሜ በደረጃው ዱብ ዱብ እያለ ወረደ።

«እታለም፣ ተነሺ። ሰው እያየን ነው።»

«አልችልም።»

«እልህሽን ተይው ስልሽ!»

«እልህ አይደለም፣ ቆልፎኛል።»

«ማን ነው የቆለፈሽ?»

«ጉልበቴ!»

አፍጥጦ አየኝ። ልጅ ሆነን ግድግዳ ላይ ስወጣ ወድቄ ያየኝ ጊዜ የነበረው ፊት ነው። ብብቴ ስር ገብቶ ሊያነሳኝ ፈለገ፤ ለዚያ ግን ዝቅ ማለት ነበረበት። የራሱን ጫማ ማሰር ያቃተው ሰውዬ ሱሪውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ እያቃሰተ፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት ከዚያ ሌላውን ሣሩ ላይ አሳረፈ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ያነሳኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወዲያው አላነሳኝም።

«እኔንም እኮ አስተምረውኛል» አለ፣ ሣሩን እያየ።

«አውቃለሁ። ደብተርህን የምሸፍንልህ እኔ ነበርኩ።»

«ማባዛት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ማባዛቱንስ በደንብ ይዘኸዋል።»

ሳቀ ይሁን አቃሰተ አልለየሁም። ጭምቱ ሮጦ መጥቶ አንድ እጁን ለእኔ፣ አንድ እጁን ለእሱ ሰጠና ሁለታችንንም ባንድ ላይ አነሳን። ጉልበትስ እሱ ጋ ነው።

በማግስቱ ጋዜጣው ፎቷችንን አወጣ። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተንበርክከናል፤ ከላዩ «ባለቤቱም ተንበረከኩ» ይላል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ «እህቴን ነው ያነሳሁት!» እያለ ሲምል ዋለ። ከንቲባው ቢሮ ያመኑት አይመስለኝም። ፍራሹን ግን እስካሁን አልተዉትም፤ እስረኛው ሁሉ በምን ላይ ይተኛ?

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጣ። እኔ ዕቃዬን በካርቶን እየከተትኩ ነበር። ካርቶኑን አይቶ እንዳላየ ሆነና ወረቀት ዘረጋልኝ። ውል! ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት ውል፣ ማኅተም አርፎበት፣ የዓመት ፈቃዱ ሳይቀር ተጽፎ። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «ወጌሻዋ በውሉ ዘመን ጉልበቷንና ዕውቀቷን ለክለቡ ብቻ ታውላለች» ይላል። መልሼ ሰጠሁት።

«አልፈርምም።»

«ዘጠኝ ዓመት ስትነዘንዢኝ ኖረሽ?»

«ያኔ ምን እንዳለኝ አላወቅሁም ነበር።»

ከዚያ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አደረገና አልጋው ላይ ወጣ። «በይ ጉልበቴን እሺው፤ ከትናንት ጀምሮ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል» ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ዘይት እጄ ላይ አፈሰስኩ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አልኩት።

«እሺው ብዬሻለሁ እታለም!»

መምህሩ እስካሁን አልተፈቱም። በሚቀጥለው እሑድ ጭምቱ መሀል ሜዳ ገብቶ ተንበረከከ፤ ሴትዮዋም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ወንድሜ በሰዓቱ መጥቷል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ልክ ጭምቱ ሲንበረከክ ወንድሜ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለና ደቂቃዋ እስክታልቅ ቀና አላለም። ያንኑ ክር የሌለውን ጫማ።