በሰው ለቅሶ ላይ

አልቃሿ ማሬ የሟቹን የውበቱን ካባ ከፍ አድርጋ ስሙን ስትጠራ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን መታ። ወለተ ሰንበት ብቻ ከዳሱ ዳር ጉልበቷን አቅፋ፣ ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣለች። የጎረቤቷ የሽታዬ ባል ውበቱ አልጋው ላይ፣ የንስሐ አባቱ አናዘውት፣ ሚስቱ እጁን ይዛው ነው የሞተው። መቃብሩም እዚሁ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ነው። ወለተ ሰንበትን ያንገበገባት ታዲያ ሐዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር እንጂ። እግዜር ይቅር ይበላት፣ በሞት ይቀናል? ይቀናል እንጂ!

የእሷ አንድ ልጅ፣ ድረስ የሚባለው፣ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ሲወጋ ከደምበጫ ማዶ ወደቀ። የት እንደተቀበረ እንኳ የነገራት የለም። ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም ፍሥሐ ደግሞ፣ ለሽፍታ ያለቀሰ ቤቱ ይቃጠላል ብሎ አስለፍፏል። ስለዚህ እናት ልጇን ሳታለቅስ፣ ጠጉሯን ሳትላጭ ክረምቱ አለፈ። አምጣ የወለደችው ልጅ እንደ ባዳ ቀረ።

ሽታዬ ይህን ታውቃለች፤ ከልጅነታቸው አብረው ውሃ የቀዱ ናቸው። በለቅሶው መሃል ተነስታ መጣችና አጠገቧ ዝቅ አለች።

«በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ያለ ነው» አለቻት በጆሮዋ። «ውበቱ እያልሽ ድረስን አልቅሽው። ማን ያውቅብሻል?»

«ከባልሽ የተረፈውን እንባ ልታጎርሺኝ ነው?»

«ምን በደልኩሽ ወለቴ?»

«አንቺ ባልሽን በስሙ ትጠሪዋለሽ። እኔ ልጄን በሰው ስም ልጥራው?»

ሽታዬ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ወለተ ሰንበት በደግነቷም ቀናች፤ ደግነት እኮ ለሞላለት ሰው ቀላል ነው። ብድግ ብላ ቤቷ ገባች፤ ምላጭ አንስታ ሽበቷን በደረቁ ላጨችው። ራስ የሚላጨው ለሥጋ ዘመድ እንጂ ለጎረቤት እንዳልሆነ ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አውቃ ነው ያደረገችው። ከዚያም ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወደ ዳሱ ተመለሰች።

ማሬ ሙሾዋን አቋረጠች። ከዳሱ አፍ ተቀምጦ የነበረው ፍሥሐ ተነሣ።

«እናቴ፣ ለማን ነው የተላጩት?»

መውጫ ሊሰጣት የፈለገ ይመስል በለሆሳስ ነው የጠየቃት። ሽታዬ ቀደመቻት።

«ለውበቱ ነው ጌታዬ፤ እንደ ወንድሟ ነበር» አለች።

ወለተ ሰንበት አዎ ብትል ቤቷ ይተርፍላታል። ቤቱስ ለማን ሊሆን? ወራሹ ከደምበጫ ማዶ ተኝቷል።

«አይደለም» አለች። «ውበቱ የምታለቅስለት ሚስት አለችው። እኔ የተላጨሁት ለልጄ ነው።»

ከዚያም ዳሱ መሃል ገብታ፣ አልቃሽ ሳትጠብቅ፣ የድረስን ስም ራሷ ጠራች።