ለሁለት ሰው አንድ ሳምንት

ኤልስታድ በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የቀረበለትን ነገር በመጀመሪያ ጥያቄ «እሺ» ብሎ የሚቀበል ሰው አስተዳደጉ ይጠረጠራል። ሦስት ጊዜ መጠየቅ የጋባዥ ግዴታ ነው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ደግሞ የተጋባዥ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላስቸገርኩ» ተብሎ ይበላል። ሦስተኛውንም እምቢ ያለ ሰው የእውነቱን ነውና ከዚያ ወዲያ የሚለምነው ባለጌ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ምናልባት የኖርዌይ ገበሬዎች ወደ ሚኒሶታ ሲመጡ ከማረሻቸው ጋር ጠቅልለው አምጥተውት ይሆናል። ሰዉ ግን ፓስተሩ እሑድ እሑድ ከሚያነብለት ትእዛዝ ይልቅ ይህን ሕግ ይፈራል።

ሎርና ሃውገን በዚህ ሕግ ስድሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። በሱፐርማርኬቱ ኬክ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ ኬክ ስታስውብ፣ ማታ ማታ ደግሞ የታመመች እናቷን ስታገላብጥ ዕድሜዋ ሄደ። የከተማው ባልና ሚስት ግማሹ የቆረሰው ኬክ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ለራሷ የሚሆን አልጋገረችም። ይህን አንስቶ የሚያዝንላት ሲገኝ «ክሬም አልወድም» ትላለች፤ ውሸቷን ነው።

ኦርቪል ትቬት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካርታ ሊጫወት እሷ ቤት ይመጣል። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ትልቅ ብርቱካናማ መኪና ነድቷል። ሚስቱ ቤቨርሊ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። በአራቱም ክረምት የሎርናን ደጅ ማንም ሳያዝዘው ይጠርጋል፤ እሱም ጠረግኩልሽ አይልም፣ እሷም ጠረግክልኝ አትልም። ሎርና ትወደዋለች። ነገሩን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ትወደዋለች፤ ረቡዕን የምታስበው ከሐሙስ ጀምራ ነው። የልቧን ግን በልቧ ይዛ ካርታውን ታድላለች።

የካቲት ውስጥ አንድ ረቡዕ ኦርቪል ሁለት ጊዜ እምቢ ያለውን የፖም ኬክ በሦስተኛው በልቶ ሲያበቃ፣ ከኮቱ ኪስ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ልጆቹ ናቸው» አለ፣ እንዳጠፋ ሰው። «ጡረታ ልትወጣ ነው ብለው ለሁለት ሰው አንድ ሳምንት ሜክሲኮ፣ ካንኩን ባሕር ዳር ገዙልኝ። መጋቢት ላይ። ከእነዚህ ሁለት ሆቴሎች አንዱን መርጠህ እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ንገረን አሉኝ። እስቲ የትኛው ይሻላል ትያለሽ?»

«እኔ ደግሞ ስለ ሆቴል ምን አውቃለሁ? ጉዞው ያንተ፤ አንተን ደስ ያለህ ነው እንጂ።»

ኦርቪል ራሱን ነቀነቀ። ሎርና መነጽሯን አድርጋ አየች። አንደኛው ኦሪዞንቴ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ፎቅ፣ ዘጠኝ ምግብ ቤት፣ መሐሉ ላይ መጠጥ የሚሸጥበት መዋኛ፣ ለሁለት ሰው ለየብቻ ሁለት መኝታ ክፍል። ሁለተኛው ካሳ ሊሪዮ ነው። አራት ፎቅ ብቻ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰፊ አልጋ፣ ባሕሩ ላይ የወጣ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር። ሎርና ወንበሮቹን ካየች በኋላ ዓይኗን ማንሳት ከበዳት።

«ለሁለት ሰው ነው እንግዲህ» አለ ኦርቪል ካርታውን እየበወዘ። ጆሮው ቀልቷል። «ሁለተኛዋ አንቺ ብትሆኚስ?»

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን ያደገበትን አልረሳም። «ኧረ እኔን ተወኝ! እኔ አሮጊቷ በዋና ልብስ? ዓሣው ሁሉ ይሸሻል።»

«ሙቀቱ እኮ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው። ሐኪሙም ብሎሽ የለ?»

«ጉልበቴን ለምጄዋለሁ። አንተም ከእኔ የተሻለ ተጫዋች ጓደኛ አታጣም።»

እዚህ ላይ ሎርና ካርታዋን አስቀመጠች። ሁለት ሆነ። «እንግዲህ ካላስቸገርኩ» ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የቀረው የእሱ ሦስተኛ ነው። ኦርቪል አየት አደረጋት፣ ካርታውን አየ፣ መስኮቱን አየ። ስልኩ ጮኸ። ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከጎረቤቱ ዳኮታ ግዛት በኩል ከባድ በረዶ እየመጣ ነው፣ ቶሎ መኪናህ ላይ ውጣ ይሉታል። ተነስቶ ኮቱን ለበሰ።

«እሺ» አለ በሩ ላይ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ወረቀቶቹ ግን እዚሁ ይቆዩ። እይልኝ።»

ሎርና ወረቀቶቹ መቅረታቸውን እንደ ተስፋ ቆጠረችው። ሦስተኛውን ይዞ ይመለሳል አለች።

በረዶው ሦስት ቀን ወረደ። ሎርና ማለዳ ስትነሳ ደጇ ተጠርጓል፤ የጎማው ዱካ አለ፤ በሩን ግን ያንኳኳ የለም። ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ካሳ ሊሪዮን ታነባለች። ቁርሱ በረንዳው ላይ እንደሚመጣ፣ ከአልጋው ሆኖ ማዕበሉ እንደሚሰማ፣ ባለቤቲቱ አበባውን በራሷ እጅ እንደምትኮተኩት በቃሏ ያዘችው። ሎርና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይታ አታውቅም። ሦስተኛ ፎቅ መረጠች፤ ሁለተኛው የዘንባባው ቅጠል ይጋርደዋል፣ አራተኛው ደረጃው ለጉልበቷ ይበዛል። ቀኝ በኩል ያለው ወንበር የኦርቪል ሆነ፤ ቀኝ ጆሮው ደከም ያለ ነውና በደህናው በኩል ትቀመጥለት ዘንድ። ከዚያ በራሷ ታፍርና ወረቀቱን አጥፋ ከዳቦ ሳጥኑ ሥር ትከተዋለች። ከራት በኋላ መልሳ ታወጣዋለች። እንዲህ አድርጋ ናፍቃ አታውቅም፤ ያላየችውን አገር፣ ያልተቀመጠችበትን ወንበር፣ ሌሊቱን በረዶ የሚጠርገውን ሰው።

ሰኞ ዕለት ኬክ ቤት ውስጥ አብራት የምትሠራው ጋይል ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ መጣች። ጋይል ወሬ ከያዘች አታሳድርም።

«አንቺዬ፣ ሰምተሻል? ማርሊስ ካንኩን ልትሄድ ነው!»

«የትኛዋ ማርሊስ?»

«የቤቨርሊ እህት ናታ! ከኦርቪል ጋር! ስልክ ደውላለት ስለ ጉዞው ሲያወራት፣ ‘ሁለተኛው ሰው ማን ነው?’ አለችው። ‘ገና ነው’ ቢላት፣ ‘በቃ እኔ አለሁ’ አለችው። ሳይጠይቃት እኮ ነው! አንድም ጊዜ!»

«ምን አላት ታዲያ?»

«ምን ይበላት ምስኪኑ? ‘መልካም’ አለ። አሪዞና በረሃ አሥራ አምስት ዓመት ስትቀመጥ ፀሐይ የመታው ቆዳዋን ብቻ መሰለሽ? ይሉኝታዋንም አድርቆባታል። የዋና ልብስ ገዝታለች አሉ፣ ሦስት። አንቺ፣ ምን ሆንሽ? ተይ እስቲ፣ ስሙን አበላሸሽው!»

ሎርና የሙሽራይቱን ስም ኬኩ ላይ እየጻፈች ነበር። ያበላሸችውን በቢላዋ ገፋ አድርጋ እንደገና ጻፈች። እጇ ሥራውን ያውቃል። ለምሳ የወጣችው ግን ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ቆማ ለማልቀስ ነው።

ረቡዕ ኦርቪል እንደ ወትሮው መጣ። ፊቱ በድካም ጠቁሯል። ካርታው ታደለ፤ ሁለቱም ልብ ብሎ የሚጫወት አልነበረም።

«ዓርብ ደረሰ» አለ በመጨረሻ። «ማርሊስ ኦሪዞንቴ ትላለች። ዘጠኝ ምግብ ቤት ስላለው። እኔ እንጃ። አንቺስ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?»

ሁለቱም ጥሩ ናቸው ማለት ነበረባት። ወጉ እሱ ነው። አፏንም ለዚያ ነበር የከፈተችው።

«ኦሪዞንቴን ያዝ» አለች። «ካሳ ሊሪዮን ግን ከማርሊስ ጋር እንዳትሄድበት። እሱን ለእኔ ተውልኝ፤ ሦስተኛውን ፎቅ።»

ኦርቪል ካርታውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

«አልፈልግም አልሽኝ እኮ፣ ሎርና።»

«መቼ አልኩህ?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ። ሦስቴም እምቢ አልሽ። ከዚያ በኋላ አስቸግሬ ላዋርድሽ ነው?»

«ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅከኝ!»

«ሦስት ነው።» ጣቱን ዘረጋ። «ጉልበትሽን ያነሳሁት አንድ። ሁለተኛዋ አንቺ ብትሆኚስ ያልኩሽ ሁለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ የትኛው ሆቴል ይሻላል ብዬሻለሁ፤ ‘ጉዞው ያንተ’ ብለሽ መለስሽልኝ። ሦስት።»

«እሱማ ስለ ሆቴል ነው!»

«ለራሴማ ቢሆን አሥር ሆቴል ቢኖር ምን ገዶኝ?» አለ ኦርቪል። «መኪናዬ ውስጥም እተኛለሁ እኮ። አንቺ የቱን እንደምትወጂ ለማወቅ ነው የጠየቅኩሽ። ያንን ለመጠየቅ ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ነው የሰነበትኩት።»

ሎርና ዓይኗ ሞላ። «እምቢ ማለቴ አልነበረም» አለች። «ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። ስልኩ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሰባት ቀን መሆኑ ነው፣ ስጠብቅህ።»

ኦርቪል እጁን ጠረጴዛው ላይ አራምዶ የእሷ እጅ አጠገብ ሲደርስ አቆመ። አልነካትም፤ ሁለቱም ግን ምን ያህል እንደቀረው ያያሉ።

«ለማርሊስ ልንገራት» አለ። «አሁኑኑ እደውላለሁ።»

ሎርና የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። «አዎ ደውል» ብትል ማን ይከለክላት ነበር? ግን ማርሊስ እህቷን የቀበረች ሴት ናት፤ ይሉኝታዋ ቢደርቅም ለብቸኝነቷ ማን አለላት? ኦርቪልም «መልካም» ብሏል። ቃሉን አጥፎ የሚመጣ ኦርቪል ሌላ ሰው ነው።

«አትንገራት» አለች። «ሂዱ። ይሄኛው እምቢታዬ የእውነት ነው፤ እንዳትደግመው።»

አልደገመውም። ሲወጣ ግን የኦሪዞንቴን ወረቀት ብቻ ይዞ ወጣ።

መጋቢት ገባ። ኦርቪል በሄደ በማግስቱ እንደገና በረዶ ጣለ። ተተኪው ሾፌር የሎርናን ደጅ ከምን ያውቀዋል? አካፋዋን ይዛ ወጣች። ጥቂት ዝቃ ታርፋለች፣ ወገቧን ይዛ ወደ መንገዱ ታያለች፣ መልሳ ትዝቃለች። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲሠራላት እንደኖረ ያን ጊዜ በክንዷ አወቀችው። እሱ አሁን በሙቀት አገር ከማርሊስ ጋር በዘጠኝ ምግብ ቤት እየዞረ ነው። መልካም ይሁንለት አለች፤ ከልቧ ግን አልነበረም፤ ቅናት አንጀቷን እየበላት ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ሰዉ ለእሑድ ኬክ ሊያዝዝ በተሰለፈበት ሰዓት፣ ጋይል የሱቁን ስልክ እንደ ትኩስ ድንች ይዛ መጣች።

«ሜክሲኮ ነው!» አለች። ሹክ ማለቷ ነበር፤ እስከ ሥጋ መሸጫው ድረስ ተሰማ።

«ሎርና?» አለ ኦርቪል። ንፋስ ድምፁን ይቆራርጠዋል። «ሥራ አስፈታሁሽ?»

«የለም፣ የለም። ምነው፣ ደህና አይደለህም?»

«ደህና ነኝ። ማርሊስ ቢንጎ ጨዋታ ላይ ናት፤ ትናንት አሸንፋ ዛሬ የሚነካት የለም። እኔ በአሸዋው ላይ በእግሬ መጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ካሳ ሊሪዮ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ።»

ሎርና በክሬም የተለወሰ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች።

«ቆይ፣ ስሚ» አለና ስልኩን ከጆሮው አራቀው። መጀመሪያ ንፋስ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲንከባለል፣ ሲፈስ፣ ሲሳብ፣ እንደገና ሲመጣ ሰማች። የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን እየጠራረገ ይጠብቃታል። ጆሮዋ እስኪያማት ስልኩን ተጭና ሰማችው።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«ባለቤቲቱ እዚሁ አጠገቤ ናት። ለመጪው ጥር ቦታ አለኝ ትላለች። ደብተሯን ከፍታ እያየችኝ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንት ክፍል ልበላት?»

ጋይል ጆሮዋን አቁማለች። ከመደርደሪያው ማዶ የፓስተሩ ሚስት ተሰልፋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ሎርና ይህን ታውቃለች።

«አንድ» አለች። ንፋሱ ወስዶባት እንደሆነ ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አንድ ክፍል በላት፣ ኦርቪል።»