በጅሎ ግቢ የወደቀው ምሰሶ

"እዚያው ቁም!" አለች ሀዋኦ፣ ወደ ግቢዋ ሊገባ ከተቃረበው መኪና ፊት ቆማ። መኪናው ረጃጅም ምሰሶዎች ጭኗል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ከጋቢናው የወረደው አሰግድ የሚባል ወጣት ነበር። አባቱ ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው ተሰደው መጥተው ሞያሌ ላይ የወለዱት ልጅ ነው፤ አሁን የመብራት ጠጋኞቹ አለቃ ሆኗል።

"እናቴ፣ የወደቀውን ምሰሶ አንስተን አዲስ ልንተክል ነው" አላት። "መስመሩ በእርስዎ ግቢ ነው የሚያልፈው። ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረን።"

"አልፈርምም።"

መንደራቸው ኦዳ መብራት ካጣች ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። መብራቱ በጠፋበት ቅዳሜ ከሰዓት የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ቆርቆሮ በሳ፣ ፍየል ገደለ። አብሮት የመጣው ነፋስ አሥራ አንድ ምሰሶ ጣለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጉድጓዱ ፓምፕ ቆሟል፤ ሴቶች ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጓዛሉ። ወፍጮው ዝም ብሏል። ጤና ጣቢያው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጎ ወደ ከተማ ልኳል።

የሀዋኦ ቤት ግን ከመብራት በኩል ምንም አልጎደለበትም፤ መብራት ገብቶበት አያውቅም። ጎረቤቶቿ በኩራዝ ጭስ ሲያስሉ ስትሰማ ደስ ይላታል። ደስ እንደሚላትም ለማንም አልደበቀችም።

"እምቢ ካሉ ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ" አለ አሰግድ፣ ወረቀቱን እያሳያት። "በሌላ በኩል ለመዞር ከናይሮቢ ፈቃድ መምጣት አለበት። ሁለት ወር ይፈጃል።"

"ሁለት ወር ይሁን። ምክንያቱንም ጻፍ።"

መኪናውን ያየ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ነበር። ከሰዎቹ መካከል ባለሱቁ ሻሪፍ ወደ ፊት ወጣ። የመንደሩ የመብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

"እህቴ ሀዋኦ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን" አለ። "በበረዶው የሞቱብሽን ፍየሎች ኮሚቴው ይተካልሻል። በአላህ ይዤሻለሁ።"

ሀዋኦ ዞራም አላየችው።

"ጻፍ፣ ልጄ" አለችው አሰግድን። "የዛሬ አራት ዓመት ባሌ ጅሎ በዝናብ ፍየሎቹን ሲያስገባ አጥራችን ላይ የረገበ ሽቦ ነክቶ ሞተ። ሽቦው የዚህ ሰውዬ ነበር። ለሱቁ ፍሪጅ ከምሰሶው በስርቆት የሳበው ነው። ፖሊስ ሳይደርስ ሽቦውን ጠቅልሎ ወሰደና 'ጅሎ መብራት ሊሰርቅ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ነው የሞተው' ብሎ መሰከረ። ባሌ ሌባ ተብሎ ተቀበረ።"

የአሰግድ እስክሪብቶ ቆመ። "ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ እናቴ። ምስክር አለዎት?"

"መንደሩ በሙሉ። እውነቱ ከወጣ መብራቱ ከሁላችንም ይቆረጣል ብለው ነው ዝም ያሉት። ጠይቃቸው።"

አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። ሻሪፍ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ሐዘን ነው። ሐዘን ሰውን ያናግረዋል" አለ ለአሰግድ።

"እኔ አይቻለሁ" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

አሻ ናት፣ የሀዋኦ የአጥር ጎረቤት። ባዶ ጄሪካኗን ከጀርባዋ አወረደች። "ሽቦውን ሲጠቀልል አይቻለሁ። ዛሬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ነው ውሃ የሄድኩት፤ ተራ ሳይደርሰኝ ባዶዬን ተመለስኩ። ከዚህ በላይ ምን እንዳይመጣብኝ ልፈራ?"

አንዷ ስትጀምር ሌላው ተከተለ። አንድ ሽማግሌ "እውነት ነው" አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሻሪፍ በዙሪያው ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ተመለከተ። ትናንት ሱቁ ደጃፍ አብረውት ሲያወሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ወደ እሱ አልተጠጉም።

"ሽቦው የኔ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ጅሎ ሌባ አልነበረም።"

"ጻፍከው?" አለች ሀዋኦ።

"ጽፌዋለሁ። ለአለቆቼም ለፖሊስም ይደርሳል።"

"ስሙን ይፈርምበት።"

ሻሪፍ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ፈረመ። ቀና ሲል ግንባሩ ላብ አጥምቆት ነበር።

ሀዋኦ ይህን ቀን በሐሳቧ ስንት ጊዜ ኖራዋለች! ሻሪፍ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ፣ እግሯን ሲስም አይታዋለች። አሁን ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ሁሉም ነገር አለቀ። አራት ዓመት የከለከሏት ይህቺኑ ጥቂት ቃል ነው? ሰዎቹ እፎይ ብለው እርስ በርሳቸው ማውራት ጀምረዋል። አንዱ እንዲያውም ከአሰግድ ጋር የመጡትን ቆፋሪዎች ለማገዝ እጅጌውን ሰብስቧል። ንዴቷ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ።

አሰግድ ወረቀቱን ገልብጦ እስክሪብቶውን ዘረጋላት። "እንግዲህ የእርስዎ ቀርቷል፣ እናቴ።"

"ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።"

"ሀዋኦ" አለች አሻ፣ ቀረብ ብላ። "ሰውየው ተናገረ፣ ፈረመ። ከዚህ በላይ ምን ቀረሽ?"

"ከእሱ ምንም አልቀረኝም" አለች ሀዋኦ። "የቀረኝ ከእናንተ ነው። እኔ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። እናንተ አንዲት ሌሊት ጠብቁ።"

ለአሰግድ ሰዎቹን ይዞ ደጇ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር እንዲያርፍ ነገረችው፤ ወተት እንደምትልክለትም ጨመረችለት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ፍየሎቿን ልታልብ ገባች።