ጃሹባይ ነጥቡን ሲለካ

ማኒናጋር በሚባለው ሰፈር ባለው የጋራ መኖሪያ ግቢያችን ጡረታ የወጣን ሰዎች ጠዋት ጠዋት አትክልቱ ቦታ ላይ ክብ ሠርተን እንስቃለን። የሳቅ ማኅበር ይባላል። ቀልድ የለም፣ ምክንያት የለም፤ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ማለት ነው። የማኅበሩም የግቢውም ሊቀመንበር ጃሹባይ ነበር፤ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ማዘዝ የሚወድ፣ ልጁ በቅርቡ መኪና የገዛለት ሰው።

ራምኒክባይ ጎረቤቴ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ሚስቱ ኩሱም ከሞተች ወዲህ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው ደጃፉ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነበር። ዛፉን የተከለችው እሷ ናት፣ ሙሽራ ሆና በገባች ዓመት። ራምኒክባይ ሱራት ከተማ ያለችውን ልጁን ሊጠይቅ በሄደበት ሳምንት ጃሹባይ ዛፉን አስቆረጠው። የፈለገው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ለእኛ ግን ቅጠሉ ቦይ ደፈነ አለን። ራምኒክባይ ተመልሶ ሻንጣውን እንደያዘ ጉቶው አጠገብ ቆመ።

«አሁን እኮ ቤትዎ ብርሃን አገኘ» አለው ጃሹባይ ከመስኮቱ ሆኖ፣ ሳቀም።

ራምኒክባይ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ነው ሔታል የምትባል ተመራማሪ የመጣችው። ሕመም የሌለበት ሰው የዕለት ጭንቀቱን ራሱ በስልኩ ቢከታተል ይጠቅመው እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ስልካችን ላይ አንድ አፕ ጫነችልን። ጣትህን ካሜራው ላይ ታሳርፋለህ፤ የልብ ምትህን ይለካል፣ ምን እንዳስጨነቀህ ይጠይቅሃል፣ ነጥብ ይሰጥሃል። ነጥቡ ከፍ ካለ ጭንቀት፣ ዝቅ ካለ ሰላም ነው።

ጃሹባይ ነገሩን ውድድር አደረገው። ነጥቡን ጮክ ብሎ እያነበበ ከእኔ ያነሰ ማን አለው ይለናል። ምን እንዳስጨነቀው የጻፈውንም አይደብቅም፤ የውኃው ፓምፕ፣ የዘበኛው ማርፈድ፣ ከሁሉም በላይ የመንግሥት ወረቀት። ከማዘጋጃ ቤት ፖስታ ሲመጣ ገና ሳልከፍተው ቤቴ የተወረሰ ይመስለኛል ብሎ አሳቀን። ራምኒክባይ ብቻ አልሳቀም። ያዳምጥ ነበር።

በማግስቱ ጃሹባይ ሊለካ ሲል ራምኒክባይ ጠጋ ብሎ በትሕትና ጠየቀው።

«ጃሹባይ፣ ያለ ፈቃድ ዛፍ የቆረጠ ሰው ይከሰሳል የሚባለው እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«እንዲሁ ሰምቼ ነው። እርስዎማ ፈቃድ ይዘው ይሆናል።»

ፈቃድ አልነበረውም። የዚያን ዕለት ነጥቡን ሳያነብልን ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ራምኒክባይ በየጠዋቱ ስጋቱን ጠብ ጠብ ያደርግበት ጀመር። አንድ ቀን ወረቀት ደረሰዎት ወይ ይለዋል። ሌላ ቀን ፊትዎ ጠቆረብኝ፣ እስቲ ይለኩ ይለዋል። አንዳንዴም ጃሹባይ መስኮቱ ላይ መቆሙን አይቶ ጉቶውን ፎቶ ያነሳል። ለምን ከሶ እንደማይገላገል ጠየቅሁት።

«ቅጣት ያልቃል» አለኝ። «መጠበቅ ግን አያልቅም።»

ነጥቡ እየወጣ ሲሄድ ጃሹባይ ከስልኩ መለየት አቃተው። ምሳ መሐል፣ ደረጃ ላይ፣ ቤተ መቅደስ ደጅ ሳይቀር ጣቱን ካሜራው ላይ ያሳርፋል፤ ነጥቡንም ላገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል። ከፍ ማለቱን ሲያይ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል። ፖስተኛው ግቢ ሲገባ ላብ ያጠምቀዋል። ሐኪም መርምሮ አካልህ ጤነኛ ነው፣ ስልኩን ተወው አለው። ሔታልም መለካቱን እንዲያቆም ለመነችው። አልሆነለትም። የራምኒክባይ ነጥብ በአንጻሩ ከሁላችንም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጃሹባይ ራምኒክባይ ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከስቷል። ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠና የሰላሙን ምስጢር እንዲነግረው ለመነ፤ ጸሎት ነው፣ የትንፋሽ ልምምድ ነው፣ ወይስ መድኃኒት?

«የእርስዎን ነጥብ ነው የማየው» አለ ራምኒክባይ። «ሲወጣ የእኔ ይወርዳል።»

ጃሹባይ የቀለደ መስሎት ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ኩሱም ስትሞት አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ጉቶው ላይ ነው። አንተ በመስኮት ሆነህ ሳቅክ።»

ከዚያ በፊት አንተ ብሎት አያውቅም ነበር። ጃሹባይ አቀርቅሮ ጠየቀ።

«ከሰውኛል?»

«አልከሰስኩህም። ነገ እከስህ ይሆናል፤ ላልከስህም እችላለሁ።»

ጃሹባይ ይቅርታ ጠየቀ። አዲስ ኒም እንደሚተክል፣ በገዛ እጁ ውኃ እንደሚያጠጣው ማለ።

«ትከል። ጥላ እስኪያወጣ ግን እኔም አንተም የለንም።»

በዚያው ሳምንት ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ። ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን ዘግቶ ቫዶዳራ ከተማ ልጁ ጋ ሄደ። ማንንም አልተሰናበተም።

ባለፈው ሰሞን ለሠርግ ቫዶዳራ ሄጄ ጎበኘሁት። ልጁ ስልኩን ነጥቆታል። እሱ ግን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ፣ የሻይ ብርጭቆው ላይ ያሳርፍና ነጥቡ እስኪወጣ ይጠብቃል። ስመለስ ይህን ለራምኒክባይ ነገርኩት። ሆዱ ይራራ ይሆናል ብዬ ነበር።

«ታሟል?» አለኝ።

«ሐኪሞቹስ ጤነኛ ነው ይላሉ።»

«ደግ ነው» አለ ራምኒክባይ፣ ሻዩን ወደ ሳሕኑ ገልብጦ እፍ እያለበት። «ዕድሜውን ያርዝምለት።»

ከልቡ ነበር የተናገረው።