ኖራ የተቀባው መስመር

ስሚኝማ እህቴ፣ ቁጭ በይ፤ የማራኪን ጉድ ሳልነግርሽ አላድርም!

ማራኪ ማለት ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ከእናቷ ከእትዬ ተሻለች ጋር የምትኖረው ልጅ ናት። አምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ ቤታቸው ገባ። ፍራሹን አንሳፈፈው፣ ስልኳን ከነፎቶዎቹ ገደለባት፣ ግድግዳው ላይ እስከ ወገብ ቡናማ መስመር ጥሎ ሄደ። እሷም ያንን መስመር እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ለምን በይኝ? ዘንድሮ ለወረዳው "የአየር ንብረት ለውጥ መቋቋሚያ" የሚባል በጀት መጣለት፤ ግን የሚበቃው ለአንድ ሰፈር ነው። በጣም የተጎዳው ሰፈር ወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ ይሠራለታል። የወረዳው ኮሚቴ ማክሰኞ መጥቶ ጉዳቱን አይቶ ይወስናል።

ሰኞ ማራኪ ጉዳይ ነበራት፣ ወጣች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ግድግዳው ነጭ!

"እማ! ምን አደረግሽው?"

"ኖራ ቀባሁት። እንግዳ ሲመጣ ጭቃ ላሳየው? ጎረቤቱም ተጠራርቶ ቦዩን ሲጠርግ ዋለ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።"

"እንግዳ አይደሉም እኮ! ጉዳት ሊያዩ ነው የሚመጡት!"

"ቢሆንም ሰው ናቸው።"

ማክሰኞ መጡ። ሰብሳቢው አቶ ቀለመወርቅ ቦዩን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ "ጎበዞች! ራሱን የቻለ ሰፈር ነው!" አሉና ቅጹ ላይ "ስጋቱ ዝቅተኛ" ብለው ጻፉ።

ማራኪ አላስቻላትም። ማንኪያ አንስታ ግድግዳውን መፋቅ ጀመረች።

"ይዩት ጋሼ፣ እስከዚህ ነበር! ይኸው እስከዚህ!"

ኖራው ከነምርጊቱ ተገምሶ ወደቀ። መስመሩም አብሮ።

"የኔ ልጅ፣ እኛ ቅጹ ላይ የምንሞላው ያየነውን ነው።"

"ታዲያ አምና ውሃው እያለ ለምን አልመጣችሁም?"

"አምና በጀት አልነበረማ።"

እናቷስ በዚህ መሃል ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ለስላሳ ይከፈትላችሁ?" ማራኪ ማንኪያውን ወርውራ ወጣች።

ግንቡ ለሌላ ሰፈር ተሰጠ። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናትና ልጅ ፍራሹን ቁምሳጥን ላይ ሰቅለው ይጠብቃሉ። ማራኪ ተንጨርጭራ በእናቷ ስልክ ለጓደኛዋ ለሳያት ደወለችና ሁሉንም ዘረገፈችላት። ሳያት የመለሰችላትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

"ስለ መስመሩ አታስቢ፣ ክረምቱ መልሶ ያሰምርልሻል፤ ያኔ ደግሞ በጀቱ አልቋል ይሉሻል።"