ከአጥሩ ሥር የተቀመጠ ዳቦ

ደግሞስ ማን አስገደዳት፣ ማንም፣ ዝም ብትል ዝም እንዳለች ትቀር ነበር፣ ዳቦውን ከአጥሩ ሥር የምታስቀምጠው ፋንትነሽ መሆኗን ከራሷና ከፈጣሪዋ በቀር ያየ የለም፣ ግን አላስቻላትም፣ ተናገረች፣ ተናገረችና ይኸው ዛሬ ዓርብ ረፋድ ላይ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ከመንገድ ስልኩ ፊት ተሰልፋ፣ ሦስት አሲሞን በመዳፏ ጨብጣ ላብ ላብ ይላታል። መሐሉ የተበሳ የስልክ ሳንቲም። ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ስለ መኪና ጎማ ያወራል፣ ምናለ ጎማው ከሰንበት በኋላ ቢወራ፣ ከኋላዋ ደግሞ አንዲት የየመን አሮጊት አንድ እቅፍ ቅጠላ ቅጠል ይዘው ቆመዋል፣ እሳቸውም በሰውየው ጎማ የተሰላቹ ይመስላሉ።

ሰባተኛው ቀን ነው። ዛሬ ካለፈ አለፈ።

ሥራዋ ኤርፖርት ነው፣ ቆሻሻ ክፍል፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ከሆዱ የወጣው የምግብ ትሪ በጋሪ ይመጣላታል፣ ላስቲኩ ወደዚህ፣ ወረቀቱ ወደዚያ፣ የተረፈው ምግብ ወደ በርሜል፣ የተረፈው? ያልተነካው እንጂ! ዳቦው ከነመጠቅለያው፣ ዶሮው ሳይቆረስ፣ የመጀመሪያ ቀን እጇ እንቢ አላት፣ ወገራ ሳሉ እናቷ እህል ከቆሻሻ ጋር አይደፋም፣ ንጹሕ ቦታ አኑሪው፣ የሰማይ ወፍ ይብላው ይሏት ነበር፣ እዚህ በሚኖሩባት ከተማ በፔታ ቲክቫም ሰዉ የደረቀ ዳቦ በፌስታል አድርጎ ከቆሻሻ በርሜሉ ውጭ ሲያንጠለጥል አይታለች፣ እሰይ፣ እነዚህም ነውሩን ያውቁታል ብላ ደስ ብሏት ነበር፣ እናም ከሥራ ስትወጣ አንድ ጆንያ ዳቦና ዶሮ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ንጹሕ ሣር ላይ። በየቀኑ። ስድስት ወር ሙሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለው አስፋልት አውሮፕላን የሚንደረደርበት መሆኑ መች ትዝ አላት፣ ጽድቅ እየሠራች መስሏት!

መጀመሪያ ቁራ መጣ፣ ቀጥሎ ሳቢሳ፣ መጋቢት ሲገባ ደግሞ ሽመሎች፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ወደ ሰሜን የሚሻገሩት ሁሉ ምሳቸው ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ያወቁ ይመስል እዚያችው ቦታ ዝርግፍ፣ አንድ ቀን አንዷ ከሚያርፍ አውሮፕላን ጋር ልትጋጭ ለጥቂት ተረፈች፣ በማግስቱ ሽሙኤል ሠራተኛውን ሰበሰበ። ሽሙኤል አለቃቸው ነው፣ የሻአሪያ ሰፈር ሰው፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ። ከላይ ተወስኗል አለ፣ እሑድ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ይበተናል፣ ማንም እንዳይነካ፣ በሰደር? በሰደር፣ እሺ፣ አሉ ሁሉም። እሷም በሰደር አለች፣ አፏ ብቻውን።

ቤት ገብታ ለባሏ ለአለኸኝ ብትነግረው አንቺ ሰው ዝም በይ፣ እዚህ አገር ከገባን ገና ዓመት ቢያልፈን ነው፣ ለወፍ ብለሽ ከሥራ ልትባረሪ ነወይ አላት፣ እውነቱን ነው፣ ለወፍ፣ ግን የትኞቹ ወፎች፣ ልጅ ሆና በመጋቢት ሽመሎቹ ተነሥተው ሲሄዱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጉብታ ላይ ወጥታ ኢየሩሳሌምን ሰላም በሉልን እያለች ትጮህ አልነበረም? ስንት ሰላምታ ተሸክመው ሄደውላታል፣ እሷ የሱዳንን በረሃ በእግሯ ስታቋርጥ እነሱ በላይዋ አልፈዋል፣ ትናንት መልእክተኛ አድርጋ የላከቻቸውን ዛሬ እሷው በዳቦ ጠርታ መርዝ ልታበላ? ሆዷ አልቆርጥ አለ። ሌሊቱን አልተኛችም፣ አለኸኝም ያልተኛ መሆኑን አውቃለች።

ጧት የሽሙኤልን እጅጌ ይዛ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰደችው፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ እኔ ነኝ፣ ዳቦ እኔ አለችው፣ ስድስት ወር? አለ ራሱን ይዞ፣ ስድስት ወር፣ ፋኒ ምን ጉድ ነው የሠራሽው! እሷ ግን አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማን ያቆማት፣ ወፍ ክፉ አይደለም፣ ርቦት ነው፣ ምግቡን አንሣው፣ ይሄዳል፣ በርሜሉ ሁሉ ክዳን ይኑረው፣ መኪናው ፀሐይ ሳትሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይውጣ፣ ሽመላ አየሩ ካልሞቀ አይነሣም፣ ሣሩንም በዚህ ወር አትጨዱት፣ ሜዳው ሲታጨድ አንበጣውና አይጡ ይገለጥለታል፣ ሽመላ ያራሽና ያጫጅ ተከታይ ነው። ይህን የት ተማርሽ አላት። ማሳ ላይ ነዋ! ሽሙኤል አየት አደረጋት፣ አየት አደረገና ያላ፣ ይሁን ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አለቆቹ ወጣ፣ ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ሰባት ቀን ሰጡን፣ አንድ መንጋ ቢወርድ መርዙ ይበተናል፣ አንቺም ሥራ የለሽም።

እሺ አለች። ታዲያ ዳቦውን ለላም ስጡት። አይሆንም አላት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የአውሮፕላን ምግብ ለከብት አይሰጥም፣ በሽታ ያመጣል፣ ሕግ ነው፣ ይቃጠላል። ይቃጠላል! ይህን ጊዜ ነው የደነገጠችው፣ ሥራ ማጣቱን ያን ያህል አልፈራችውም፣ ዳቦ ማቃጠል ግን፣ ፈጣሪ ምን ይላታል፣ ቢሆንም ለሌላ ሰው አልተወችውም፣ ከሰንበት በቀር እስከ ትናንት በየቀኑ በገዛ እጇ እሳት ውስጥ ጨመረችው፣ ይቅር በለኝ እያለች፣ ንቄ አይደለም፣ አንተው ለፈጠርካቸው ስል ነው እያለች፣ ጢሱ ነው ብላ እንባዋን እየጠረገች።

ዛሬ ተራዋ አይደለም፣ ቤት ዋይ አሏት። ማን ይውላል ቤት!

ሰውየው ጎማውን ጨርሶ ስልኩን ሲሰቅል አሮጊቷ ትከሻዋን ይነኳታል፣ ተራሽ ነው ሊሏት መስሏት ስትዞር ጣታቸው ወደ ሰማይ ነው። ቀና ትላለች። ከደቡብ፣ ከኤርፖርቱ በኩል፣ ከሱቆቹ ጣራ በላይ፣ ነጭና ጥቁር፣ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ይዞራሉ፣ ይዞራሉና ወደ ክፋር አቭራሃም ሰፈር ያዘነብላሉ፣ ስንት ናቸው፣ አይቆጠሩም፣ አልፈውታል! ኤርፖርቱን አልፈውት ነው እዚህ የደረሱት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆይ፣ ቆይ አንቺ፣ ግማሾቹ እዚያ ወርደው እነዚህ የቀሩት ግማሾቹ ብቻ ቢሆኑስ፣ የሚጓጓ፣ የሚርበው፣ ወደ ኋላ የቀረ አንድ መንጋ ቢኖርስ፣ አሲሞኑ አልገባ ይላል፣ ይገባል።

ሽሙኤል? እኔ ነኝ። ከስልኩ ውስጥ የአውሮፕላን ጩኸት፣ ቆይ ቆይ ይላታል፣ ጩኸቱ እስኪያልፍ አንድ ዓመት፣ ከዚያ፣ ፋኒ፣ መጡ። መጡ? መጡ፣ ሦስት መቶ ይሆናሉ፣ በላያችን ዞሩ፣ አንዱ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ልቤ ቀጥ አለች፣ እሺ፣ እሺ ከዚያስ ትለዋለች! ከዚያ ምን ያገኛል፣ በርሜሉ ተከድኗል፣ ሣሩ ረጅም ነው፣ ተመልሶ ወጣ፣ ሄዱ፣ ሁሉም ሄዱ። አንድም አልወረደም? አንድም። መርዙስ? ዛሬውኑ ይመለስ ተብሏል። እኔስ? አንቺማ እሑድ ትመጫለሽ፣ ለሌሎቹ ፈረቃዎች የምታሳዪው አንቺ ነሽ፣ ሰማሽኝ? ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት።

ሰምታዋለች፣ የሳምንቱ እሳት፣ የሰባት ቀን ፍርሃት፣ የዚያ ሁሉ ዳቦ ኀዘን አንድ ላይ ተነሥቶባት፣ ስልኩን እንደያዘች እልልልልልል ትላለች! ባለ ጎማው ሰውዬ ደንግጦ ይዞራል፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በመስኮት ያያታል፣ ይየኛ፣ ደስ ብሎኛል፣ ደግማ እልልል ስትል ከኋላዋ ሌላ እልልታ፣ ከእሷ የቀጠነ፣ ከእሷ የረዘመ፣ አሮጊቷ ቅጠላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ምን ተገኘ ሳይሉ ይቀበሏታል።

ትንፋሻቸው ሲያልቅ ነው መጠየቁ ትዝ ያላቸው። ማን ወለደ፣ ልጄ? ወንድ ነው ሴት?

ፋንትነሽ እያለቀሰች ትስቃለች፣ ሦስት መቶ ናቸው እማማ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው።