ሁሉም ያያት ልጅ

ስልኩ እንደገና ሲጮህ ሸዋዬ አንድ እግሯን አይሱዙው ላይ ሰቅላ ነበር። "ትንሽ ታገሱኝ" ብላ ወረደች። ሾፌሩ ተሳደበ። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚሄድ ሌላ መኪና መገኘቱን እንጃ።

"እህቴ፣ ልጅሽን አይቻታለሁ። ውጫሌ ናት፤ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ስምሽ ማነው ስላት ሊዲያ አለችኝ።"

ቀደም ብሎ የደወለው ግራና ናት ብሏታል፤ ከእሱ በፊት የደወለችው ደግሞ ሐይቅ። ትናንት ከወልድያ ሲሸሹ፣ ተኩሱ ቀርቦ ሰው ሲረጋገጥ፣ የስድስት ዓመት ልጇ እጅ ከእጇ አመለጠ። ጎረቤቷ ካሳሁን አዝኖላት የሊዲያን ፎቶ፣ ስሟንና የለበሰችውን ቢጫ ሹራብ ጠቅሶ፣ ከሸዋዬ ስልክ ቁጥር ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈላት። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ልጇን አይቷታል። አንዱ ጸልዮላት ይዘጋል፤ ሌላው "አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ?" ብሎ ሰድቧት ይዘጋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ሸዋዬ ግን መላ የምታወጣበት ጭንቅላት አልተረፋትም።

"ብዙው ሰው በደሴ በኩል ናት ነው የሚለው። ነይ ውጪ!" አላት ካሳሁን ከመኪናው ላይ እጁን ዘርግቶ።

እጁን ልትይዝ ስትል ስልኩ ጮኸ። ሴት ናት፤ አነጋገሯ ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

"ማና እባላለሁ። ወልድያ ሱቅ ነበረኝ፤ አሁን ሲሪንቃ፣ መንገድ ዳር ሰው ቤት ተጠግቻለሁ። አንዲት የጠፋች ልጅ እኔ ጋ አለች። ፎቶውን ሳየው መሰለችኝ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ቢጫ ሹራብ ለብሳለች?"

"ኧረ ሹራብ አላየሁባትም፤ በቀሚስ ብቻ ናት። ስሟንም እንጃ። ብለምናት፣ ብስኩት ብሰጣት፣ 'እማዬ ለማታውቂው ሰው ስምሽን እንዳትናገሪ ብላኛለች' ብላ አለቀሰች።"

ሸዋዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ሽንኩርት ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ፣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ለልጇ የምትላት ይህንኑ ነው። ሊዲያ አለችኝ ያሉት ሁሉ ስሙን ያገኙት ከፌስቡክ ነው።

"አገናኚኝ! ድምፄን ትስማ!"

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግማ ብትደውል ማናን ማግኘት አልቻለችም።

"ሲሪንቃ ናት" አለች ወደ ካሳሁን ቀና ብላ። "ማና የምትባል ነጋዴ ጋ።"

"ማና? ትግሬ ናታ! በዚህ ቀን እንዴት ታምኛታለሽ? ደግሞ ሰው ሁሉ ከሚሸሽበት? ተይ ሸዋዬ፣ ወጥመድ ቢሆንስ?"

"ፈርቻለሁ ካሳሁን፤ አልዋሽህም። ግን ከደወሉት ሁሉ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

"የሊዲያን ጫማ ከፌስታሉ አውጥተህ ጣልልኝ።"

ካሳሁን ዓይኗን አየና መጨቃጨቁን ተወ። ጫማውን አንድ በአንድ ወረወረላት። ሸዋዬ በነጠላዋ ቋጥራ፣ ከወልድያ በኩል የሚጎርፈውን ሰው እየገፋች ወደ ሲሪንቃ መንገድ ጀመረች።

ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አየችው፤ የማና አይደለም። ሳታነሳው እርምጃዋን አፈጠነች።